በፎገራ ሜዳ ዳርቻ ፈላሹን የዓለት ትረሽ ከነዋሪ ወፎች መለየት

ለሕዝብ ክፍት ሆኖ የቀረበ ገለጻ፤ ከድምፅ ቅጂ ተጽፎ በአቅራቢው የታረመ

የዛሬው ርእሰ ጉዳዬ ጠባብ ነው። ክብደቱ 50 ግራም አካባቢ የሚሆን አንድ ፈላሽ ወፍ በወረታ ዙሪያ ሲታይ «ይህ እርሱ ነው» ለማለት ምን ማየት ያስፈልጋል? የማነሣው ይህንን ብቻ ነው። ጥያቄው ጠባብ ቢሆንም መልሱ የመስክ ሥራችንን በሙሉ ይነካል፤ ስለ ፎገራ አእዋፍ የምንጽፈው ዝርዝር የሚታመነው በውስጡ ያለው እያንዳንዱ ስም በምን ማስረጃ እንደ ገባ ሲታወቅ ነውና።

አስቀድሜ ስለ ስሙ ጥቂት ልበል። ዐማርኛ ለሚበሉት፣ ለሚያስፈሩትና ከሩቅ ለሚታዩት ወፎች ስም አልነፈገም። ቁራ፣ ጭልፊት፣ ጥንብ አንሣ፣ ሽመላ፣ ዝይ፣ ይብራ፣ ቆቅ፣ ጅግራ፣ ዋኔ እንላለን። ከድንቢጥ ከፍ፣ ከርግብ ዝቅ የሚሉትን ቡናማ ወፎች ግን አብዛኛውን ጊዜ «ወፍ» ብለን እናልፋቸዋለን። እንግሊዞች ትረሽ የሚሉት ወገን የሚወድቀው እዚሁ ውስጥ ነው። ስለዚህ በሳይንሳዊ ስሙ ሞንቲኮላ ሳክሳቲሊስ የሚባለውን ወፍ በዚህ ገለጻ «ፈላሹ የዓለት ትረሽ» እያልሁ እጠራዋለሁ። ሊኒየስ እ.ኤ.አ. በ1766 ሲሰይመው ከእውነተኞቹ ትረሾች ጋር ቆጥሮት ነበር፤ በዘመናችን የተደረጉት የዘረ መል ጥናቶች ግን የዓለት ትረሾችን በሙሉ ከዚያ ቤተሰብ አውጥተው ፍላይካቸር ከሚባሉት ዝንብ አዳኞች ጋር አስገብተዋቸዋል። ትረሽነቱ እንግዲህ በልማድ የቀረ ስም ነው። ይህንን የምነግራችሁ ለዕውቀት ያህል ብቻ አይደለም። ወፉ በመስክ የሚመስላቸው ዘመዶቹም ከትረሾች ይልቅ ከዚሁ ከአዲሱ ቤተሰቡ የሚወጡ ስለ ሆነ ነው።

ወፉ የሚራባው ከደቡብ አውሮፓ ጀምሮ በቱርክና በካውካሰስ፣ በመካከለኛው እስያም አልፎ እስከ ሞንጎሊያና ሰሜን ቻይና ባሉት ድንጋያማ ተራሮች ነው። ሰሜኑ ሲበርድ ወደ አፍሪካ ይመጣል። የሚያስደንቀው፣ ሕንድ የምትቀርባቸው የምሥራቅ እስያዎቹ ጭምር አፍሪካን መምረጣቸው ነው። ጉዞው በአብዛኛው በሌሊት ሲሆን እንደ ዝይና እንደ ሽመላ በመንጋ ሳይሆን በተናጠል ነው። እኛ ዘንድ በመስከረምና በጥቅምት ይደርሳል፤ በመጋቢትና በሚያዝያ ይመለሳል። በዓለም ደረጃ ለመጥፋት ከተቃረቡት ውስጥ አይቆጠርም፤ ይሁን እንጂ ከአንዳንድ የመካከለኛው አውሮፓ አካባቢዎች ጠፍቷል። የክረምት ማረፊያውን የሚያጠና ሰው ሥራው እዚያ ላሉት ተመራማሪዎችም ይጠቅማል ማለት ነው።

አሁን ወደ ቦታው እንምጣ። የፎገራን ሜዳ የምታውቁት ብዙ ናችሁ። ጣና 1,786 ሜትር ከፍታ ላይ ተኝቷል፤ ሜዳው ከሐይቁ ምሥራቅ በርብና በጉማራ ወንዞች መካከል ተዘርግቶ በክረምት ይጥለቀለቃል። አፈሩ ዋልካ ነው። ከ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ወዲህ የገባው ሩዝ ዛሬ የአካባቢው መለያ ሆኗል፤ ኤክስ ጂግና የሚባለውም ዝርያ ስሙን ያገኘው እዚሁ ካለችው ጂግና ነው። ሩዙ በኅዳርና በታኅሣሥ ሲታጨድ በቀረው እርጥበት ላይ ጓያ ይዘራል፤ ውኃ የሚስብ ሞተር ያለው ደግሞ ሽንኩርት ይተክላል። ለዓለት ወፍ ይህ ቤት አይደለም ትሉ ይሆናል። እውነት ነው፤ ሜዳው መሐል ላይ የምታገኙት አልፎ ሲሄድ ኩይሳ ላይ ወይም ክምር ጫፍ ላይ ያረፈውን ነው። ወረታን ይዛችሁ ወደ ደብረ ታቦር የሚወስደውን መንገድ ስትጀምሩ ግን መሬቱ ወዲያው ይለወጣል። ካብ፣ ድንጋያማ ማሳ፣ ተዳፋት ላይ ተበታትነው የቀሩ ዛፎች፣ ከፍ ሲልም ገደል ይመጣል። የእኛ ወፍ የሚፈልገው ይህንን ዳርቻ ነው። የሚያስቸግረውም በዚሁ ዳርቻ እርሱን የሚመስሉ ዓመቱን ሙሉ የሚኖሩ ወፎች መኖራቸው ነው።

ነገሩን በምታውቁት ምሳሌ ልጀምር። የመስቀል ወፍ በመስከረም ከአደይ አበባ ጋር ትታያለች፤ ከዚያ ትጠፋለች። ዓመቱን የት ትከርማለች እያልን ያላደግን የለንም። ስሙ በየአካባቢው ለተለያዩ ወፎች ይሰጣል፤ ብዙ ጊዜ የሚጠሩበት ግን ቢሾፕ የሚባሉት፣ ወንዶቹ በዝናሙ ማብቂያ ቀይና ጥቁር ወይም ቢጫና ጥቁር የሚለብሱት ናቸው። እነዚህ የትም አልሄዱም። የመራቢያ ላባቸውን ጥለው እንደ እንስቶቻቸው ቡናማ ሆነው ከድንቢጡ መንጋ ጋር ተቀላቅለዋል። ዐይናችን የለመደው ቀለሙን ስለ ነበረ ቀለሙ ሲሄድ ወፉ የሄደ መሰለን።

የፈላሹ የዓለት ትረሽ ነገር ከዚህ ይገለበጣል። በሥዕል መጽሐፍ ላይ የምታዩት ወንድ ራሱ ሰማያዊ ግራጫ፣ ደረቱና ሆዱ ዝገት የመሰለ ብርቱካናማ፣ ጀርባው መሐል ላይ ነጭ ያለበት፣ ማንም የማይስተው ወፍ ነው። ያ ግን በአገሩ የሚለብሰው ልብስ ነው። የመስቀል ወፍ በምትደምቅበት በዚያው ወር ወደ እኛ ሲደርስ አዲሱ ላባው ሁሉ ጠርዙ ነጣ ያለ ስለ ሆነ ሰማያዊውም ብርቱካናማውም ከሥር ተሸፍኖ የዓሣ ቅርፊት የመሰለ ዝንጉርጉር ሆኖ ይታያል። እንስቷና የዓመቱ ጫጩቶችም እንዲሁ ናቸው። የወንዱ ቀለም የሚገለጠው ከፊሉ በላባ ለውጥ፣ ከፊሉም ጠርዞቹ እየተበሉ ሲሄዱ፣ ወደ የካቲትና መጋቢት ገደማ፣ ሊመለስ ሲል ነው። ስለዚህ በጥቅምት የመጽሐፉን ወንድ የሚፈልግ ሰው ወፉን ፊት ለፊቱ አስቀምጦ ያልፈዋል።

እንግዲህ ቀለሙ ካልረዳን ምን ይረዳናል? ጅራቱ ይረዳናል። ይህንን ደጋግሜ ብናገር አትሰልቹኝ፤ ከዓለት ትረሾች ጋር ስንሠራ ጅራት ያላየንበት ምልከታ ግማሽ ምልከታ ነው።

በመጀመሪያ የምንጠይቀው ጅራቱ ቀይ ነው ወይስ ጠቆር ያለ? የሚለውን ነው። ጠቆር ያለ ከሆነ ፈላሹን የዓለት ትረሽ ወዲያው እንተወዋለን። ሁለት ወፎች በዚህ ይወጣሉ። አንደኛው ሰማያዊው የዓለት ትረሽ ነው፤ እርሱም ከሰሜን የሚመጣ ፈላሽ ነው። ምንቃሩም ጅራቱም ረዘም ይላል። ወንዱ በጥሩ ብርሃን ሰማያዊ ግራጫ፣ በመጥፎ ብርሃን ጥቁር ይመስላል፤ እንስቷ ጠቆር ያለች ቡናማ ሆና ከሥር በጠባብ አግድም መስመሮች የተዥጎረጎረች ናት። ሁለተኛው ነጭ ክንፍ ክሊፍ ቻት የሚባለው፣ በኢትዮጵያና በኤርትራ ብቻ የሚገኘው የገደል ወፍ ነው። ወንዱ ራሱና ደረቱ ጥቁር፣ ሆዱ ቀይ፣ ሲበርር ክንፉ ላይ ነጭ የሚያወጣ ስለ ሆነ ችግር የለበትም። ችግሩ እንስቷ ናት፤ ደረቷ ተዥጎርጉሮ ስታዩአት «ፈላሹ መጣ» ማለት ያምራችኋል። ጅራቷን ተመልከቱ። ጠቆር ያለ ነው።

ጅራቱ ቀይ ከሆነ ደግሞ ሁለተኛው ጥያቄ ይመጣል፤ ቀዩ እስከ ጫፉ ይደርሳል ወይስ ጫፉ ላይ ጥቁር መቀነት አለው? ትንሹ የዓለት ትረሽ የተባለው ነዋሪ ቀይ ጅራት አለው። ነገር ግን መካከለኞቹ ላባዎች ጥቁር ከመሆናቸውም በላይ ጫፉን ጥቁር መቀነት ያቋርጠዋል፤ ሲዘረጋ መስቀለኛ የሆነ ጥቁር ምልክት ቀይ ላይ ተስሎ ታያላችሁ። በፈላሹ ጅራት ላይ ጠቆር የሚሉት የመካከሎቹ ላባዎች ብቻ ናቸው፤ መቀነት የለውም። የትንሹ ጉሮሮና ላይኛ ደረት ለስላሳ ግራጫ ነው፤ ቅርፊት የመሰለ ዝንጉርጉር በአካሉ ላይ አይጎላም። በመጠንም ስሙ እንደሚያመለክተው ያንሳል፤ 15 ወይም 16 ሴንቲ ሜትር ቢሆን ነው፤ ፈላሹ ግን ከ17 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል።

ቀይ ጅራት ያለው ሦስተኛ ወፍ ሬድስታርት ነው። ከአውሮፓ በዚያው ወራት የሚመጣ፣ ትንሽና ቀጭን ወፍ ነው። ጅራቱን ያለማቋረጥ ያንቀጠቅጣል፤ እንስቷም ዝንጉርጉር የለባትም፣ ወጥ ቡናማ ናት። ፈላሹ የዓለት ትረሽ አካሉ ደልደል ያለ፣ ምንቃሩ ረጅምና ጠንካራ ሲሆን ጅራቱ ለአካሉ ያጠረ ይመስላል። ጅራቱን አልፎ አልፎ ያነቃንቀዋል፤ እንደ ሬድስታርት አያርገበግበውም። አቀማመጡ ቀጥ ያለ ነው። ከካብ ወይም ከኩይሳ ላይ መሬቱን ይቃኛል፤ ጢንዚዛ ወይም ፌንጣ ሲያይ ወርዶ ይለቅምና ወደ ቦታው ይመለሳል። ሰው ሲቀርበው ቀድሞ ይሸሻል። ሲሸሽ ጅራቱን ይዘረጋል፤ ለእናንተ የሚጠቅማችሁ ያቺ አንዲት ቅጽበት ናት፤ በዚያች ጊዜ ዐይናችሁ መጽሐፍ ላይ መሆን የለበትም።

አንድ ነገር በቅንፍ ልጨምር። የፍራንክፈርቱ ተጓዥ ኤድዋርድ ሩፔል በ1830ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ወደ ሰሜን ኢትዮጵያ መጥቶ በስሜንና በጎንደር ሰንብቷል። ትንሹን የዓለት ትረሽና ነጭ ክንፉን የገደል ወፍ፣ ቀጥሎ የማነሣውንም የኢትዮጵያን ትረሽ፣ ሦስቱንም በ1837 ለሳይንሱ ዓለም ያስተዋወቀው እርሱ ነው። ሦስቱም ለእኛ የደጃፍ ወፎች ናቸው። ከእናንተ ውስጥ ሦስቱንም በዐይኑ የሚለይ ስንት ይሆን? እጅ አውጡ አልልም።

ወደ መስኩ ችግሮች ልመለስ። የሜዳው ብርሃን ጨካኝ ነው። ከአራት ሰዓት በኋላ ከመሬት የሚነሣው ሙቀት በባይኖኩላር ውስጥ የወፉን ጠርዝ ያርገበግበዋል፤ ዝንጉርጉሩ ይጠፋል፤ ግራጫው ቡናማ፣ ቡናማው ጥቁር ይሆናል። ፀሐይ ከወፉ ጀርባ ከሆነች ስለ ቀለም አንድም ቃል አትጻፉ። ዋልካውም የራሱን ያደርጋል፤ እርጥብ ማሳ ላይ ሲለቅም የዋለ ወፍ ሆዱ በጭቃ ይለወሳል፤ የደረቀውም አቧራ ነጭ የነበረውን ያጠቁረዋል። መጠንንም ቢሆን ብቻውን ካብ ላይ በቆመ ወፍ ላይ መገመት አስቸጋሪ ነው። አጠገቡ ድንቢጥ ወይም ዋኔ ካረፈች ግን ሜትር አገኛችሁ ማለት ነው፤ «ከድንቢጧ እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረው» የሚለው ማስታወሻ «መካከለኛ» ከሚለው መቶ ጊዜ ይሻላል።

ድምፁስ? ወፍ እንዳገሩ ይጮኻል ይባላል። በዚህ ወፍ ላይ ተረቱ በትክክል ይሠራል። ለዛ ያለው ዜማው በመራቢያ ተራራው ላይ የሚሰማ ነው፤ በእንግድነቱ አገር አብዛኛውን ጊዜ ዝም ብሎ ይከርማል። እንግዲህ ሌሎችን ወፎች በድምፃቸው መለየት የለመዳችሁ ተማሪዎች እዚህ ላይ ጆሮአችሁን አሳርፋችሁ ዐይናችሁን ማሠራት ይኖርባችኋል።

አሁን ደግሞ ከሁሉ የሚበዛ ውዥንብር ወደሚያመጣው ልሻገር፤ ደረቱ ነጠብጣብ ወደሆነው ትረሽ። ሶንግ ትረሽ የሚባለው የአውሮፓ ወፍ በክረምቱ የሚያርፈው በዋናነት በደቡብ አውሮፓ፣ በሰሜን አፍሪካና በመካከለኛው ምሥራቅ ነው። ጣና ዳር ቢገኝ በእውነት ብርቅ ይሆናል። የአውሮፓን መጽሐፍ ይዞ የሚመጣ ጎብኚ፣ አንዳንዴም ያንኑ መጽሐፍ ከኢንተርኔት ያወረደ ተማሪ፣ ሣር ላይ ደረቱ ነጠብጣብ የሆነ ወፍ ሲያይ ስሙን ወዲያው ይሰጠዋል። ነገር ግን በከፍተኛው ቦታችን በየሣር ሜዳውና በየእርሻው ዳር የሚራመደው ባለ ነጠብጣቡ ትረሽ የራሳችን ነው፤ ቱርዱስ ሲሜንሲስ፣ ስሜንን በስሙ የተሸከመው። ቀድሞ በደቡብ አፍሪካ ካለው ዘመዱ ጋር እንደ አንድ ዝርያ ይቆጠር ነበር፤ በቅርብ ዘመን የወጡ ዝርዝሮች ግን ለብቻው ያደርጉታል።

ሁለቱን መለየት ከዓለት ትረሾች ይልቅ ቀላል ነው። ፊቱን ተመልከቱ። የኢትዮጵያው ትረሽ ከዐይኑ በታችና ከጆሮው አካባቢ ወደ ታች የሚወርዱ ደማቅ ጥቁር መስመሮች አሉት፤ የተነቀሰ ፊት ይመስላል። የሶንግ ትረሽ ፊት የደበዘዘ ነው። የእኛው ጀርባ ግራጫ ቡናማ፣ አቋሙ ቀጥ ያለ፣ ጅራቱ አጭር ነው፤ የሶንግ ትረሽ ጀርባ ሞቅ ያለ ቡናማ ነው። የክንፍ ሥር ብርቱካናማነት ግን አያታልላችሁ፤ ሁለቱም ሲበርሩ ያንን ቀለም ያሳያሉ። መጽሐፉ «የክንፉ ሥር ብርቱካናማ» ስላለ ብቻ የተመዘገበ ሶንግ ትረሽ ምንም አላስረዳም፤ ምልክቱ የሁለቱም የሆነ ምልክት መለያ ሊሆን አይችልምና።

ይህንን ነጥብ ጠበቅ አድርጌ ልያዘው፤ የምልከታ ሁሉ መሠረት ስለ ሆነ ነው። ወፉ እንግዳውን መምሰሉ ማስረጃ አይሆንም። ማስረጃ የሚሆነው ነዋሪዎቹን አለመምሰሉ ነው። ማስታወሻችሁ «ቀይ ጅራት፣ ዝንጉርጉር ደረት፣ ፈላሹ የዓለት ትረሽ» ብሎ ቢያበቃ እኔ ያንን መዝገብ ላይ አላስገባም። «ጅራቱ ሲዘረጋ ከመካከሉ በቀር እስከ ጫፉ ቀይ፤ መቀነት የለም፤ ጉሮሮው ግራጫ አይደለም፤ ጀርባው ላይ ነጣ ያሉ ነጠብጣቦች፤ ከካብ ወርዶ ነፍሳት ሲለቅም፤ ፀሐይ ከጀርባዬ፤ በ30 ሜትር ርቀት፤ 12 ደቂቃ ያህል» የሚለውን ግን ስሙ ባይጻፍበትም እቀበላለሁ። ስሙን እኔም እናንተም ከዚያ ተነሥተን ልንሰጠው እንችላለን። መጽሐፉ የሚገለጠው ይህ ሁሉ ተጽፎ ካለቀ በኋላ ነው። ሥዕሉን አስቀድሞ ያየ ሰው ወፉ ላይ ያላየውን ምልክት እንዳየ አድርጎ ይጽፋል፤ ይህ ውሸት አይደለም፣ የአእምሮ ጠባይ ነው።

ስልኩስ አይበቃም ወይ ትሉኝ ይሆናል። የኮርኔል ዩኒቨርሲቲው መርሊን የተባለው መተግበሪያ ፎቶግራፍ፣ ቦታና ቀን ተቀብሎ ስም ይጠቁማል፤ ጠቃሚ መሣሪያ ነው፤ እኔም እጠቀምበታለሁ። ባለፈው ዓመት አንድ ተማሪዬ ከወረታ ከፍ ብሎ ካብ ላይ ያነሣውን ፎቶግራፍ አምጥቶ ስልኩ የሰጠውን ስም አሳየኝ። ስሙን ወደ ጎን አድርገን ፎቶግራፉን በሰፊው አየነው። ወፉ ጅራቱን ዘግቶ ተቀምጧል። ከተዘጋ ጅራት ላይ የሚታየው የመካከሉ ጠቆር ያለው ላባ ነው፤ መቀነት መኖር አለመኖሩን መናገር አይቻልም። ደግነቱ ልጁ በተከታታይ ስድስት ፎቶግራፍ አንሥቶ ነበርና በአምስተኛው ላይ ወፉ ሊነሣ ሲል ጅራቱ ተዘርግቷል። ወፉም በእውነት ፈላሹ ነበረ። መዝገቡ ላይ የገባው ግን በአምስተኛው ፎቶግራፍ ነው። የመጀመሪያው ፎቶግራፍ ላይ ስልኩ የሰጠው ስም ትክክል ሆኖ መገኘቱ ያንን ፎቶግራፍ ማስረጃ አያደርገውም።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ለምን አስፈለገ? የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1996 ለአእዋፍ ጠቃሚ የሆኑ ቦታዎችን መዝገብ ሲያወጣ የፎገራ ሜዳ ከተካተቱት አንዱ ነበር። ዩኔስኮም በ2015 የጣናን ሐይቅና ዙሪያውን በባዮስፌር ጥብቅ ቦታነት መዝግቧል። እነዚህ ውሳኔዎች ያረፉት የሆነ ሰው የሆነ ቀን ጭቃ ውስጥ ቆሞ በጻፈው ላይ ነው። የሸሸርና የወላላ ረግረጎች ስማቸው የሚነሣው በክሬኖቹ ነው፤ ዘውድ ያለው ጥቁር ክሬንና አገጩ ላይ ሥጋ የሚንጠለጠልበት ትልቁ ክሬን ሁለቱም በዓለም ደረጃ ተጋላጭ ከተባሉት ውስጥ ናቸው። በአንድ ዝርዝር ውስጥ የክሬኖቹ ቁጥር በሰፈረበት ገጽ ላይ ከማስረጃ የራቀ ሶንግ ትረሽ ከተገኘ፣ ስለ መሬቱ አጠቃቀም የሚከራከረው ወገን በቅድሚያ የሚጠቁመው ያችን መስመር ነው። «ይህንን የሳተ ሰው ያንን እንዴት ቆጠረ?» ቢል ምን እንመልስለታለን? ለማስደነቅ የተጻፈ አንድ ብርቅ ስም ስንት እውነተኛ ቁጥር ይዞ ሊወድቅ እንደሚችል አስቡት።

በሌላ በኩል ደግሞ የተገላቢጦሹ ጉዳት አለ፤ እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ይህ ነው። በቋንቋችን «ብርቅዬ» የሚለው ቃል ሁለት ነገር ይሸከማል፤ በአገሩ ብቻ የሚገኘውንና ከስንት አንዴ የሚታየውን። ነጭ ክንፉ የገደል ወፍ በመጀመሪያው ትርጉም ብርቅዬ ነው፤ ገደሉ ሥር ለሚያድር እረኛ ግን የዕለት ተዕለት ጎረቤቱ ነው። ፈላሹ የዓለት ትረሽ ከፖርቱጋል እስከ ሞንጎሊያ ይራባል፤ በፎገራ ማስታወሻዎቻችን ውስጥ ግን ብርቅ ነው። ብርቅ የሆነው ወፉ ነው ወይስ የእኛ እግር? መኪናው ከባሕር ዳር ይነሣል፣ ወረታ ቁርስ ይበላል፣ ወደ ውኃው ይወርዳል፤ ሁሉም ቴሌስኮፑን ክሬኑ ላይ ይተክላል። ካቡ፣ ድንጋያማው ማሳና የገደሉ ሥር በሰው አይጎበኙም። በጆን አሽና በጆን አትኪንስ የተዘጋጀው፣ እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣው የኢትዮጵያና የኤርትራ አእዋፍ አትላስ በየካሬው የተሰበሰቡትን ምልከታዎች ያሳያል፤ ታላቅ ሥራ ነው። ሆኖም አንድ ካሬ ውስጥ ሐይቅም ሩዝም ተራራም አብረው ሊውሉ ይችላሉ። ካሬው ውስጥ ምልክት ማየታችን ወፉ የተገኘው ረግረጉ ላይ ይሁን ኮረብታው ላይ አይነግረንም።

ኮረብታዎቹ ደግሞ ዝም ብለው አይጠብቁንም። ከተማ ሲያድግ ድንጋይ ይፈልጋል፤ የድንጋይ ካባ የሚከፈተውም ከመንገድ በማይርቅ ተዳፋት ላይ ነው። ለግንባታው ድንጋይ አይውጣ አልልም፤ ቤት የምንሠራው በእርሱ ነው። አንድ ተዳፋት ከመቆረሱ በፊት «እዚህ ምን ነበረ?» ብሎ የሚጠይቅ ባለሙያ ቢመጣ ግን የምንሰጠው ወረቀት ይኑረን እላለሁ። ለዚህም ያየነውን ብቻ ሳይሆን ሄደን ያጣንበትን ቀን መጻፍ አለብን። ከመስከረም እስከ ሚያዝያ በየ15 ቀኑ በአንድ መስመር ተጉዞ «ዛሬ የለም» ብሎ የጻፈ ተማሪ፣ አንድ ቀን ወጥቶ ወፉን አይቶ ከተመለሰው ይበልጥ ያስተምረናል፤ መቼ እንደሚደርስ፣ መቼ እንደሚሄድ፣ ይከርም ወይም ያልፍ እንደ ሆነ የምናውቀው ከባዶዎቹ ቀኖች ነውና። መስመሩን ከወረታ ምሥራቅ ካለው ተዳፋት ጀምራችሁ እስከ ሜዳው የመጀመሪያ ኩይሳዎች አድርጉት። ጧት ከአንድ ሰዓት እስከ ሦስት ሰዓት ተኩል ባለው ጊዜ ውጡ፤ ስትወጡ ፀሐይ ከኋላችሁ እንድትሆን ከምሥራቁ ጫፍ ተነሡ።

ከጥያቄዎቹ ሁለቱን ብቻ ልመልስ፤ ሰዓቱ እየሄደ ነው።

እረኞችን መጠየቅ ይጠቅማል ወይ ለሚለው፣ በጣም ይጠቅማል፤ አጠያየቁን ከቻላችሁበት። ሥዕል አውጥታችሁ «ይህንን አይተሃል?» ካላችሁት ልጁ እንግዳ ላለማሳፈር «አዎ» ይላችኋል። «ካቡ ላይ ብቻውን ቆሞ ወደ መሬት የሚወርድ ወፍ አለ ወይ? ዓመቱን ሙሉ ነው ወይስ ከሩዝ አጨዳ ጋር ነው የሚመጣው? የትኛው ድንጋይ ላይ ነው የሚቆመው?» ብላችሁ ጠይቁት። ስሙን ለእናንተ መስጠት የእርሱ ሥራ አይደለም፤ ድንጋዩን ካሳያችሁ ቀን አትርፋችኋል።

የመጨረሻዋ ጠያቂያችን «ወፉ ዝም ቢል፣ ጅራቱንም ሳይዘረጋ ገደሉን ተሻግሮ ቢሄድ ምን ብዬ ልጻፍ?» ብላለች። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ቦታውን ጻፊ፤ ያየሽውን ዘርዝሪ፤ ከሥሩም «የዓለት ትረሽ ወገን፣ ዝርያው ያልተለየ» በይ። እንዲህ ያለው መስመር በእኔ የመስክ ደብተር ውስጥ ብዙ ነው። በማግሥቱ በዚያው ሰዓት ወደዚያው ካብ ተመለሺ፤ እነዚህ ወፎች የወደዱትን መቆሚያ ቶሎ አይለቁም።